ደብተሬ «ይቀጥላል» ብላ ነበር

ሱቄ ባሕር ዳር ናት፣ ከጊዮርጊስ ብዙም አትርቅም። ወደ ሐይቁ ስትወርዱ፣ ከጁስ ቤቱ አጠገብ። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ስልክ እጠግናለሁ፣ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም እጭናለሁ። ሕጋዊ ነው ወይ ብላችሁ እንዳታፋጥጡኝ። መልሱን እናንተም እኔም እናውቀዋለን።

ስለ ደብተሬ ላውራችሁ። ባለ 50 ቅጠል ናት፣ ጀርባዋ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ አለ። የጀመርኳት ቸግሮኝ ነው። ሰው የሚያመጣልኝ ፍላሽ አብዛኛው 4 ጊጋ ነው፤ እሱም ግማሹ በመዝሙርና በሠርግ ቪዲዮ የተሞላ። «ይሄን ላጥፋው?» ስለው «ኧረ የእህቴ ሠርግ ነው!» ይለኛል። ስለዚህ ተከታታይ ፊልም ከፋፍዬ ነው የምጭነው። መጀመሪያ ከክፍል 1 እስከ 3፣ አይተው ሲመለሱ የቀረውን። ማን የት እንደደረሰ እንዳይጠፋብኝ እጽፋለሁ። ስም አልጽፍም። «ባለባጃጁ»፣ «ሲስተር»፣ «ቀይ ፍላሽ»፣ እንዲህ ነው። ተመልሶ የመጣ ራይት ይደረግለታል። ያልመጣ ባዶውን ይቀራል።

ነገሩ የሆነው በ2016 ክረምት ነው። በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ጠፍቶ የቆየበት ዓመት ስለነበር ሰው ፍላሹን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያየው። ሱፓሴል የሚባለው ተከታታይ ፊልም በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳየው ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው ሰኔ 20 ነው። እኔ ጋ የደረሰው ግን ሐምሌ ተጋምሶ፣ በሃርድ ዲስክ፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እጅ። ስድስት ክፍል ብቻ ነው። መጀመሪያ ንቄው ነበር። ለእኔ ጀግና ማለት ካባ ለብሶ ከፎቅ የሚዘል ነው። ይሄ ራፕማን የተባለ ሰው የሠራው ፊልም ደግሞ የደቡብ ሎንዶን የሰፈር ሰዎች ታሪክ ነው። አንዱ ዕቃ አድራሽ ሾፌር፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ከእስር ወጥቶ ሥራ ያጣ አባት፣ ሁለቱ ደግሞ መንገድ ላይ የሚውሉ ጎረምሶች። አምስቱም ጥቁር ናቸው። አንድ ቀን ሳያስቡት ኃይል ይመጣባቸዋል። ማይክል የሚባለው ሾፌር በጊዜ ውስጥ ወዲያና ወዲህ መሄድ ይችላል፣ ወደፊት ሄዶም እጮኛው እንደምትሞት ይሰማል። እሷን ለማዳን ሌሎቹን አራቱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። በቃ፣ ታሪኩ ይሄ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ባለባጃጁ በአንድ ሌሊት ሦስቱንም ክፍል ጨርሶ በነጋታው ጠዋት በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሱቅ እንኳን አልከፈትኩም። «ሾፌር ነው እኮ!» ይላል። «ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ውሎ ማታ ዓለምን ያድናል። ይሄ የእኛ ሰው ነው።»

ሲስተር የወደደችው በሌላ ምክንያት ነው። ፊልሙ ውስጥ ኃይሉ ሲክል ሴል ከሚባለው የደም በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። አምስቱም ቤተሰባቸው ውስጥ በሽታው አለ። ጁስ ቤቱ ቁጭ ብለን ስታስረዳን ስፕሪሷ ቀለጠ። ሲክል ማለት ማጭድ ነው አለች። ቀይ የደም ሴሉ እንደ ማጭድ ይቆለመምና ደም ሥር ውስጥ ይሰነቀራል፣ ሕመሙም አይጣል ነው። ይሄ የሚሆነው ግን ጂኑን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ላይ ነው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ከከባድ ወባ ይከላከልለታል። ወባ በበዛባቸው አገሮች ጂኑ የበዛው ለዚህ ነው።

«ታዲያ እኔን ሦስት ጊዜ ወባ ሲይዘኝ ምን ኃይል መጣልኝ?» አለ ባለባጃጁ።

«ኪኒን የመዋጥ» አለችው።

አራተኛው ሰው የፖሊ ተማሪ ነው። ኢንጂነሩ እንለዋለን። ፊልም ሲወድ ወዲያው ይከፋዋል፤ መሰረዙ ይታየዋላ። ያን ክረምት ስለ ሲዝን 2 ከሁለት ሳምንት በላይ የተጨቃጨቅነው በእሱ ምክንያት ነው። «አይቀጥልም» አለ ገና ከመነሻው። ማስረጃውም በኪሱ ነው። ጁፒተርስ ሌጋሲ የሚባለው የጀግኖች ፊልም በፈረንጆቹ ግንቦት 2021 ወጣ፤ ስንት ገንዘብ ፈስሶበት፣ ወር ሳይሞላው ተዋናዮቹን አሰናበቱ። ሌላው የጀግና ፊልም ዴርዴቪል ሦስት ሲዝን ሠርቶ፣ ሰው ሁሉ ሦስተኛውን እያወደሰ፣ በ2018 መጨረሻ ኔትፍሊክስ ዘጋው። እዚህ ላይ ሲስተር «እሱማ ሊመለስ ነው» ብላ ተከራከረችው፤ እሱም «ሲመለስ እናያለን» አላት። (በመጋቢት 2025 በዲዝኒ ፕላስ ተመልሷል፣ በዚያው በፊቱ ተዋናይ በቻርሊ ኮክስ። ሲስተር እስካሁን ታስታውሰዋለች።)

ከሁሉ የገረመን ግን ስዋምፕ ቲንግ ነው። ረግረግ ውስጥ የሚኖር፣ ገላው ቅጠልና ሥር የሆነ ፍጡር ታሪክ ነው። በ2019 የመጀመሪያው ክፍል በታየ በሳምንቱ መሰረዙ ተነገረ። ተሠርተው ያለቁትን አሥሩን ክፍል አሳይተው በዚያው አበቃ።

ባለባጃጁ በየዓመቱ እምቦጭ ነቀላ የሚወጣ ሰው ነው። እስከ ወገቡ ጣና ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ይውላል፣ በወሩ ያው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀዋል። ይሄን ሲሰማ ጁሱን አስቀመጠ።

«እኛ ስንት ዓመት ስንነቅል አልጠፋልን፣ እነሱ የረግረጉን ጌታ በሳምንት ነቀሉት?»

ኢንጂነሩ እንኳን ሳቀ።

ከዚያ ነገሩ እንዴት እንደሚቆጠር ያስረዳን ጀመር። ኔትፍሊክስ በየሳምንቱ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ሰው በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንዳየው ይደምራል፤ ያንን ለፊልሙ ርዝመት ያካፍለዋል። የሚወጣው ቁጥር «ዕይታ» ይባላል። እንደዚያ ባይሆን ስድስት ክፍል ያለው ሃያ ክፍል ካለው ጋር በሰዓት ሊወዳደር አይችልም ነበር። ግን ዕይታ ብቻውን አይበቃም አለ። ስንት ወጣበት የሚለው አለ፤ ከጀመሩት ስንቱ ጨረሰው የሚለውም አለ። ክፍል 1 አይቶ ትቶት የሄደ ሰው ለሲዝን 2 ምንም አይጠቅምም።

ባለባጃጁ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «እኛ አራታችን የት ላይ ነው የተደመርነው?» አለ።

«የትም።»

«እኔ ሁለቴ አይቸዋለሁ እኮ።»

«ሁለቴም አልተቆጠርክም።»

ዝም አልን። እውነቱን ነው። ሃርድ ዲስክ በአውቶቡስ ሲመጣ ኔትፍሊክስ ምን ያውቃል? እኛ እዚህ ፀጉራችንን ስንነጭ ለእነሱ ባሕር ዳር ላይ ያየው ሰው ዜሮ ነው። ይባስ ብሎ ለዜሮነታችን 5 ብር በክፍል የምቀበለው እኔ ነኝ። ትንሽ አፈርኩ። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ።

ያን ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ከጀመሩት ስንቱ ጨረሰው ነው ያለው? ይሄማ እኔ ጋ አለ! ሌላ ማንም ይሄን አይጽፍም። እኔ የምጽፈው ለፍላሽ ጥበት ስል ነው እንጂ ለጥናት አይደለም፤ ቢሆንም ተጽፏል። የሱፓሴልን ገጽ ከላይ እስከ ታች በጣቴ አወረድኩ። ራይት፣ ራይት፣ ራይት። ሦስት ሰው ብቻ አልተመለሰም፤ አንዱ ደግሞ ፍላሹ ተሰርቆበት ነው። አጠገቡ ያለው ገጽ ላይ ብዙ ተወርቶለት የነበረ የጦር ፊልም አለ (ስሙ ይቆየን)፤ ከግማሽ በላዩ ባዶ ነው። ጠዋት ደብተሬን ይዤ ጁስ ቤት ገባሁና «ይቀጥላል» አልኳቸው። ኢንጂነሩ ናሙናው ትንሽ ነው አለ። ይበል።

ግን እውነቱን ለመናገር እኔን ያሳመነችኝ ደብተሯ ሳትሆን እትዬ ናቸው። እትዬ የሚወስዱት በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተቻኩዬ የሳቸውን ነጭ ፍላሽ ከሌላ ሰው ነጭ ፍላሽ ጋር አቀያየርኩት። በነጋታው ጃንጥላቸውን ይዘው ሲመጡ አሁን ጉዴ ፈላ አልኩ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የሰጠኸኝ?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ተሳስቼ ነው፣ አሁኑኑ የቱርኩን…»

«ቆይ እስቲ። ያ ጥቁሩ ልጅ እጮኛውን አዳናት?»

እንግሊዝኛ አያውቁም። ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ እየተረጎመችላቸው ነው ሦስቱን ክፍል ያዩት። ስለ ኃይሉ ምንም አልጠየቁኝም። ስለ ለንደንም አልጠየቁኝም። «ሠርጋቸው ደርሶ የለም እንዴ? እንዴት አድርጎ ነው የሚነግራት?» ነው የሚሉት። የቀረውን ጫንኩላቸው፣ ገንዘብም አልተቀበልኩም። ደብተሬ ላይ «እትዬ» ብዬ ጽፌ ራይት አደረግሁ። ፍላሹን ሊመልሱ ሲመጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። መጨረሻውን አልናገርም ብያለሁ፣ ቃሌን እጠብቃለሁ።

ነሐሴ ሲያልቅ ገደማ የሲስተር ወንድም ከአዲስ አበባ ደወለ። በወሬ መሀል ስለ ፊልሙ ብትጠይቀው «ሲዝን 2 እኮ ከተነገረ ቆየ» አላት። ለካ ፊልሙ ወጥቶ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላው ኔትፍሊክስ ይቀጥላል ብሎ አሳውቆ ኖሯል። እኛ ጠረጴዛ እየደበደብን ስንጨቃጨቅ የከረምነው ባለቀ ጉዳይ ላይ ነው። ኢንጂነሩ «እኔ እኮ አይቀጥልም አላልኩም፣ ያጠራጥራል ነው ያልኩት» ብሎ ድርቅ አለ። በአቮካዶ ጁስ ቀጣነው።

እትዬን መንገድ ላይ አግኝቼ ሮጬ ነገርኳቸው።

«እሰይ! መቼ ነው?»

«መጀመሪያ መሠራት አለበት እትዬ። ዓመት ይፈጃል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

«ዓመት?» አሉ። ቆም ብለው አሰቡ። ከዚያ ከቦርሳቸው ነጯን ፍላሽ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«በል እስከዚያው የቱርኩን ጫንልኝ። እንዳትሳሳት ደግሞ።»