የፕሮስቴት ጨረር ፍሬ ከመተከሉ በፊት እንዴት እንደተዘጋጀሁ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ባለው የወንዶች አካል፣ በፕሮስቴቴ ላይ ካንሰር ሲገኝ፣ የካንሰሩን ኃይለኛነት የሚያሳየው ግሊሰን የሚባለው መለኪያ 7 (3+4)፣ ማለትም መካከለኛ፣ ሆነ። ከፕሮስቴቱ አልወጣም ነበር። ቀዶ ሕክምና፣ ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ወይም የጨረር ፍሬ መትከል ከሚሉት አማራጮች ሦስተኛውን መረጥኩ። ሐኪሞቹ ብራኪቴራፒ ይሉታል። አዮዲን 125 የያዙ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ቁርጥራጮች በመርፌ ፕሮስቴቱ ውስጥ ይቀመጡና እዚያው ይቀራሉ። ኃይላቸው በየ60 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ዝግጅቱን የምጽፈው ወንዶቻችን በዚህ ጉዳይ ዝም ስለምንል ነው። ለእኔም አስቀድሞ የነገረኝ ሐበሻ አልነበረም።

መጀመሪያ ያደረግሁት አስተርጓሚ መጠየቅ ነው። እንግሊዝኛ እናገራለሁ፤ ሥራዬንም የምሠራው በእሱ ነው። ስለ ሽንት፣ ስለ ፊንጢጣ፣ ስለ ብልት መቆም ሲወራ ግን የራስ ቋንቋ ሌላ ነው። ልጄ «አባዬ፣ እኔ አብሬህ ልግባ» አለችኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩ። አባት በልጁ ፊት እንዲህ ያለውን ነገር አሳጥሮ ያልፈዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያልሰማውን አያክምም። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። የእኔው በስልክ ነበር። ፊት ለፊት አለመተያየታችን ጠቀመኝ፤ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ እንደምነሳ ሳይቀር ሁሉን ዘርግፌ ነገርኩ። ቀድሞውኑ ሽንት የሚያስቸግረው ሰው ከተከላው በኋላ ሊዘጋበት ይችላል። ለዚህ ነው ሽንት እንዲወርድ የሚረዳው ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት አስቀድሞ የታዘዘልኝ። ሊያዞር ስለሚችል ከአልጋ ቀስ ብሎ መነሳት ያስፈልጋል።

በፊንጢጣ በሚገባ አልትራሳውንድ የፕሮስቴቱን መጠንና ቅርጽ ለኩ፤ ፍሬዎቹ የት የት እንደሚቀመጡ የሚታቀደው በዚያ ነው። ደስ አይልም፤ ግን ቶሎ ያልቃል። የደም ምርመራና የልብ ኢኬጂም ነበር።

የምወስደውን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩ። ሁሉ ስል የጓዳውንም ጭምር ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋሉ። የዓሣ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት እንክብልም ይጠየቃሉ። ጠዋት ጠዋት ጥቁር አዝሙድ በማር እበላ ስለነበር እሱንም አስመዘገብኩ። ነርሷ ለይታ የትኛው ከሳምንት በፊት እንደሚቆም ነገረችኝ። አንድ አደራ አለኝ፦ ለልብ ወይም ለስትሮክ ደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰው በራሱ ፈቃድ አያቁም። ያንን የሚወስኑት ሐኪሞቹ ተነጋግረው ነው።

በዋዜማው የተፈቀደልኝ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ውሃ፣ የተጣራ የፖም ጭማቂ፣ መረቅ፣ ወተት የሌለው ሻይ። እኛ ጾም የለመድን ሰዎች ይህ ቀላል ይመስለናል። ግን አጥሚት፣ ተልባና አብሽ የሚጠጡ ቢሆኑም እዚህ አይፈቀዱም። አንጀት ባዶ የሚሆነው አልትራሳውንዱ አጥርቶ እንዲያሳይ ነው። በዚያ ላይ ከፋርማሲ በሚገዛ ማጠቢያ በፊንጢጣ መታጠብ አለ።

ባለቤቴ ጠዋት ጠበል ልታጠጣኝ አስባ ነበር። ነርሷን አስቀድሜ ስለጠየቅሁ መልሱን አውቀው ነበር፤ ከተባለው ሰዓት በኋላ አንድ ጉንጭም አይቻልም። ማደንዘዣ ሲሰጥ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። «ግድ የለም ልጄ፣ ትረጭህ» አሉኝ። ተረጨሁ፤ ልቤም አረፈ።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ቤቱ ነው። ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ከጭኔ አይወርድም። ጨረሩ አብዛኛው እዚያው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ሰሃን፣ ልብስ ወይም ሽንት ቤት አይበከልም። ያም ሆኖ ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሕፃን ጭን ላይ እንዳላስቀምጥ፣ ከነፍሰ ጡር ጋር ተጠጋግቼ ረጅም ሰዓት እንዳልቀመጥ ተነገረኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ሲታመም ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። መጥተው በር ላይ ከምመልሳቸው ብዬ ቀድሜ ለዘመድ ለወዳጁ ደወልኩ። ሕመሙን በስሙ ጠርቼ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለው በስልክ ይጠይቀኝ አልኩ። ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም ወንዶቹ ለብቻ እየደወሉ ፒኤስኤ ስለሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ይጠይቁኝ ጀመር። ጥቁር ወንዶች ለዚህ ካንሰር የበለጠ ተጋላጭ ስለሆኑ፣ ቢዘገይ በ45 ዓመታቸው ሐኪም እንዲያነጋግሩ ይመከራል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ስለሚመለሱ መኪና የሚነዳ ሰው ያስፈልጋል። ሰፋ ያለ ቱታ፣ በረዶ መያዣ፣ የሽንት ማጥለያና ረዘም ያለ ወረንጦ አዘጋጀሁ። አልፎ አልፎ ፍሬ ከሽንት ጋር ሊወጣ ይችላል። በእጅ አይነካም፤ በወረንጦ አንስቶ ሆስፒታሉ በሰጠው ዕቃ ውስጥ መክተትና መደወል ነው። ፍሬዎቹ አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን የጨረር መፈተሻ ሊያስጮሁ ስለሚችሉ ማስረጃ ካርድም ጠየቅሁ። ከወር በኋላ ለሚደረገው ሲቲ ስካን ቀጠሮ ያስያዝኩትም ያኔውኑ ነው።