በሌሊት የተሰቀለው ብረት

ቻርቱ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «አይረን ሱክሮስ 200 ሚሊ ግራም፣ በደም ሥር፣ ቀን እየዘለለ፣ 5 ጊዜ»። በምን ፈሳሽ፣ በስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ደቂቃ የሚለው አልተጻፈም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በቀን፣ ሥራውን በለመዱ ነርሶች ስለተሰጡ የትእዛዙን ጉድለት ልብ ያለው አልነበረም። በሦስተኛው ዙር ግን ጉድለቱ በአንዲት እናት ክንድ ላይ ታየ።

ታካሚዋ የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ሄሞግሎቢኗ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) 7.2፣ የቀይ ደም ሕዋሶቿ አማካይ መጠን 68፤ ሁለቱም ዝቅተኛ ናቸው፤ የብረት እጥረት መሆኑ ያስታውቃል። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን 60 ሚሊ ግራም ብረት ያለበትን እንክብል ጀምራው ነበር፤ ሆዷን እያደረቀና እያቅለሸለሻት ሲያስቸግራት ተወችው። ለመውለድ የቀራት 9 ሳምንት ገደማ ነው። እንክብሉን እንደገና ብትጀምር እንኳ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሞላላት ትንሽ ነው፤ በዚህ ደሟ ምጥ ላይ ብትደማ ደግሞ የምትቋቋመው አይሆንም። ስለዚህ በደም ሥር ይሰጣት የተባለው ትክክል ነበር።

መጠኑም በአግባቡ ነው የተሰላው። ከእርግዝና በፊት የነበራት ክብደት 50 ኪሎ ነው። እንዲደርስ ከሚፈለገው ሄሞግሎቢን ያለው ይቀነሳል፤ 11 ሲቀነስ 7.2፣ 3.8 ይሆናል። 50 በ3.8፣ ያ ደግሞ በ2.4 ሲባዛ 456 ይመጣል። በሰውነት ውስጥ መቀመጥ ላለበት መጠባበቂያ ብረት 500 ሲጨመር 956 ሚሊ ግራም። ወደ 1000 ተጠጋግቶ አምስት ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት አምፑል። አንዱ የአይረን ሱክሮስ አምፑል 5 ሚሊ ሊትር ሲሆን 100 ሚሊ ግራም ብረት ይይዛል። በአንድ ጊዜ ከ200፣ በሳምንትም ከሦስት ጊዜ አይበልጥም።

የሦስተኛው ዙር መድኃኒት በክፍሉ ስላልነበረ ወንድሟ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ሲመጣ መሽቷል። ተረኛዋ ነርስ ትእዛዙ እንዳይዘል ብላ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሰቀለችው። ባለ 100 ሚሊ ሊትር ከረጢት አልነበረም፤ ያለው የ1000 ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) ነው። ሁለቱን አምፑሎች እዚያ ውስጥ ጨምራ በደቂቃ 40 ጠብታ ለቀቀችው። ምክንያት ነበራት። ቀደም ሲል ብረት ሲሰጠው ደረቱን ጭምድድ ያደረገውን ታካሚ አይታለች፤ በብዙ ፈሳሽ ተበርዞ ቀስ ብሎ ቢወርድ ለታካሚዋ የሚበጅ መስሏታል። ይህንን የሚያስቡ ብዙ ጎበዝ ነርሶች አሉ። ሐሳቡ ከስንፍና የመጣ ስላልሆነ በቁጣ አይታረምም፤ ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል።

አይረን ሱክሮስ ማለት የብረት እምብርት በስኳር ተሸፍኖ ነው። ሽፋኑ ብረቱን ይዞ እስከሚፈለግበት ያደርሰዋል። ከሚገባው በላይ ሲቀጥን ሽፋኑ እንደያዘ መቆየቱ አስተማማኝ አይደለም፤ ያለ ሽፋን የተለቀቀ ብረት ደግሞ የደም ሥርን ግድግዳ ይጎዳል። በዚህ ምክንያት ነው የመድኃኒቱ መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች እንዳይቀጥን የሚከለክለው። 200 ሚሊ ግራም በ1000 ሚሊ ሊትር 0.2 ነው፤ ከወለሉ አምስት እጥፍ ዝቅ ብሎ። ከዚህም ሌላ 1000 ሚሊ ሊትር በደቂቃ 40 ጠብታ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚቆጥር ቱቦ ሲሰላ፣ 500 ደቂቃ ይፈጃል። ከስምንት ሰዓት በላይ ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ መድኃኒት ነርስ አጠገቡ ቆማ ታስጨርሰዋለች። ስምንት ሰዓት ሙሉ፣ ያውም በሌሊት፣ አጠገቡ የሚቆም የለም።

ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ሦስት ቀን የቆየ ነው። የእጅ አንጓ መታጠፊያ ላይ የገባ፣ በፕላስተር ላይ ጎዝ የተጠቀለለበት። ተኝታ እጇን ባጠፈች ቁጥር ጫፉ የደም ሥሩን ይፍቃል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «ሲስተር፣ እጄን ያቃጥለኛል» አለች። ነርሷ ከሌላ ታካሚ አጠገብ ቀና ብላ ከረጢቱን አየች፤ ጠብታው ይወርዳል። «ብረት ስለሆነ ነው እህቴ፣ ትንሽ ታገሺ» አለቻት። ታካሚዋም ታገሠች። የአገራችን እናቶች ታገሡ ሲባሉ ይታገሣሉ፤ እኛ ግን ቃሉን አለቦታው እናውለዋለን።

ብረት በትክክለኛ የደም ሥር ሲሄድ አያቃጥልም። ቢበዛ ፈሳሹ የሚገባበት ቦታ ይቀዘቅዛል። መድኃኒቱ ከሳሙና ውኃ የበረታ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ልኩን የሚያሳየው ፒኤች ከ10.5 በላይ ነው። «ያቃጥለኛል» የምትል ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ከደም ሥር ውጭ እየፈሰሰ መሆኑን ነው የምትናገረው። ጠብታው መውረዱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በቆዳ ሥር ላላ ያለ ቦታ ካገኘ ወደዚያም ይወርዳል። የከረጢቱ ቀለምም አታለለ። በ100 ሚሊ ሊትር የተበረዘ ብረት የተፈላ ቡና ይመስላል፤ በ1000 ሲበረዝ ግን ቀጭን ሻይ ነው፣ በደብዛዛ መብራት ቱቦው ውስጥ እምብዛም አይታይም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ታናሽ እህቷ በስልክ መብራት እጇን ስታየው ክንዱ አብጧል። ጎዙ ሲፈታ ከአንጓው እስከ ክንዱ መሃል የመዳፍ ስፋት ያለው ቡናማ ቀለም ወጥቷል። እስከዚያ ድረስ 720 ሚሊ ሊትር፣ በብረት ሲሰላ 144 ሚሊ ግራም ወርዷል። ምን ያህሉ ደም ውስጥ እንደገባ፣ ምን ያህሉ ቆዳ ሥር እንደቀረ ማወቅ አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው በአብዛኛው ትክክል ነበር። ፈሳሹ ወዲያው ቆመ፤ ቱቦው ተነቅሎ ካኑላው ከመውጣቱ በፊት በባዶ ሲሪንጅ የሚመጣውን ያህል ቀስ ተብሎ ተሳበ። እጇ በትራስ ላይ ከፍ ተደረገ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ተደረገበት። የቀለሙ ዳር ዳር በእስክሪብቶ ተከበበ፣ ሰዓቱም ተጻፈበት፤ እየሰፋ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው። የጣቶቿ ስሜትና እንቅስቃሴ ታየ። አንድ ነገር ግን ያመለጠው አለ። እህቷ እብጠቱ እንዲወርድ ብላ ክንዱን ስታሸው ማንም አልከለከላትም። ማሸት ብረቱን ይበትነዋል፣ እድፉንም ያሰፋዋል። ለአስታማሚ በመጀመሪያው ደቂቃ መነገር ያለበት ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀለሙ በመታጠብ እንደማይለቅ ነው፤ ታካሚዋ ጠዋት በሳሙና ስትፈትገው ነው የተገኘችው።

በሥራው ላይ ላሉ የሚጠቅመው የቀረው ነገር ባለ 100 ከረጢት ሲታጣ ምን ይደረጋል የሚለው ነው፤ የሚታጣበት ጊዜ ብዙ ነውና። አንደኛው መንገድ የሕፃናት ክፍል የሚጠቀምበት ሶሉሴት፣ መለኪያ መስመር ያለው የፈሳሽ ማስቀመጫ የተገጠመለት ቱቦ ነው። 90 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ተለክቶ ይገባና ሁለቱ አምፑሎች ይጨመራሉ፤ 100 ይሆናል፣ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የሶሉሴት ጠብታ ግን ደቃቅ ነው፣ 60ው አንድ ሚሊ ሊትር። በ30 ደቂቃ ለመጨረስ በደቂቃ 200 ጠብታ ይፈልጋል፤ ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ጠብታ ከመቁጠር ይልቅ መስመሩን ማየት ነው፤ በየ3 ደቂቃው 10 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። በተራው ባለ 20 ጠብታ ቱቦ ከሆነ በደቂቃ 67 ነው፣ በሰከንድ ከአንድ ጠብታ ትንሽ በለጥ ያለ። ሁለተኛው መንገድ ሳይበረዝ በሲሪንጅ መስጠት ነው፤ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር፣ ሁለቱ አምፑሎች በ10 ደቂቃ፣ ሰዓት እያዩ። እጅ ይደክማል፣ መፍጠንም ይመጣል፤ የሚቸኩል ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ፈሳሹ ምንጊዜም ኖርማል ሳላይን ብቻ ነው። ዴክስትሮስ (የስኳር ፈሳሽ) አይሆንም፣ ሌላ መድኃኒትም አብሮ አይጨመርበትም።

ካኑላው አዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ ሮዙ ቁጥር 20፣ በክንድ ላይ፣ ከመታጠፊያ ርቆ፣ ቦታው እንዲታይ ሆኖ ተለጥፎ። ብረቱ ከመሰቀሉ በፊት 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይገፋበታል፣ ሲገፋም የሌላኛው እጅ ጣት ከካኑላው ጫፍ በላይ ቆዳውን ይዳስሳል። ካበጠ፣ ከከበደ ወይም ካመማት ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ሲያልቅም በሳላይን ይታጠባል፤ ካኑላው ሲወጣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጠብታ እንኳ ያድፋል።

ነርሷ የፈራችው የደረት ጭምድድ ማለት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብረት በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፊት ይቀላል፣ ደረት ወይም ጀርባ ይጨመደዳል፣ መገጣጠሚያ ያማል። የደም ግፊቱ ካልወረደ፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ካላለ፣ ዓይንና ከንፈር ካላበጠ ይህ አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ) አይደለም። ፈሳሹን ማቆም፣ የደም ግፊትና የልብ ምት መለካት፣ አጠገቧ መቆየት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል፣ ከዚያም ከቀድሞው በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት መቀጠል ይቻላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት የአለርጂ መድኃኒት የሆነውን ፕሮሜታዚን መውጋት ነው። እሱ ራሱ ግፊት ይጥላል፣ ያፈዛል፤ ቀላሉ ነገር ከባድ መስሎ ቻርቱ ላይ «ብረት አይስማማትም» ተብሎ ይጻፋል፣ ታካሚዋም የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ታጣለች። እውነተኛው አናፊላክሲስ ከመጣ ደግሞ የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ ግማሽ ሚሊ ግራም በጭን ጡንቻ፣ ካልተሻላት ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። አምፑሉና ሲሪንጁ ብረቱ ከመሰቀሉ በፊት አልጋው አጠገብ መቀመጥ አለባቸው። ከጨረሰችም በኋላ 30 ደቂቃ ትጠበቃለች፣ ከዚህ በፊት ሁለቴ ወስዳ ምንም ባትሆንም። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ብረት የቀን ሥራ ነው። አንድ ዙር በአንድ ቀን ቢዘገይ የሚጎዳ የለም።

ስለ ትእዛዙ አንድ ነገር ልጨምር። «ብረት» ወይም «አይረን» ብሎ ብቻ መጻፍ አደገኛ ነው፣ ቡናማ አምፑሎቹ ይመሳሰላሉና። አይረን ዴክስትራን በ2 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ይዞ ይመጣል፤ እሱ ቆዳ ተስቦ በጥልቅ ጡንቻም ይወጋል። አይረን ሱክሮስ ጡንቻ ላይ ፈጽሞ አይወጋም። ፌሪክ ካርቦክሲማልቶስ ደግሞ እስከ 1000 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ፣ በ15 ደቂቃ የሚሰጥ ነው፤ የማቅጠኛው ወለልም በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። የአንዱን ልክ ለሌላው ያዋለ ሰው ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

የጠፋውን መጠን በተመለከተ ሐኪሙ ሦስተኛው ዙር እንዳልተሰጠ እንዲቆጠር ወሰነ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ዙር ተጨመረላት። 144ቱ በሙሉ ገብቶ ቢሆን እንኳ ጠቅላላው ከ1200 አይበልጥም። ስሌቱ በ11 ፋንታ በተለመደው 15 ቢሠራ 1436 ይመጣ ነበር። ሆስፒታሉ ያለው ደግሞ ደጋ ላይ ነው፤ በከፍታ ላይ የጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ስለሚል 11 ዝቅተኛ ግብ ነው።

አራተኛው ዙር በማግሥቱ ረፋድ ላይ በሌላኛው ክንዷ ተሰጠ። መጀመሪያ እጇን አልሰጥም ብላ ነበር። ያቺው ነርስ ተረኛነቷን ጨርሳም ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ይቅርታ ጠይቃት፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በየሦስት ደቂቃው «ያቃጥላል?» እያለች ጠየቀቻት። «አያቃጥልም፣ ይቀዘቅዛል» አለች ታካሚዋ።

ከመጨረሻው ዙር አራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኗ 9.8 ደረሰ። ፌሪቲን (የመጠባበቂያ ብረትን መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራ) ይለካ ያለ ነበር፣ ነገር ግን ብረት በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ቶሎ የተለካ ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ስለሚል ተተወ። ልጇን በ14ኛ ሳምንቱ ለክትባት ይዛ ስትመጣ የክንዷ ቀለም ከቡና ወደ አመድማ ቡናማ ደብዝዞ ነበር፤ በእስክሪብቶ የተከበበበት ዳር ግን አሁንም ይለያል።