ታይለኖል ያው ፓናዶል ነው

ከአሜሪካ የመጣ ሻንጣ ተከፍቶ ታይለኖል ያልወጣበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አክስቴማ እንደ ወርቅ ነው የምትደብቀው። «የዚህ አገሩ ፓናዶል አይነካኝም፣ የሚያሽለኝ ይሄኛው ነው» ትላለች። ይቅር ትበለኝና ሁለቱም አንድ መድኃኒት ናቸው።

ፓናዶል የንግድ ስም ነው፣ ታይለኖልም እንደዚያው። ውስጣቸው ያለው ፓራሲታሞል ነው። ግን የታይለኖሉን ብልቃጥ ብታገላብጡት ፓራሲታሞል የሚል ነገር አታገኙም፤ አሲታሚኖፌን ነው የሚለው። አሜሪካና ካናዳ እንዲህ ይሉታል፣ እኛና አብዛኛው ዓለም ደግሞ ፓራሲታሞል። ሁለቱም ስሞች የተቆረጡት ከአንድ ረጅም የኬሚስትሪ ስም ነው፣ ቆራጮቹ አልተስማሙም እንጂ። የንግድ ስሙማ አያልቅም። እስራኤል ያሉት ዘመዶቻችን አካሞል ይሉታል፣ ስዊድን ያሉት አልቬዶን፣ ዱባይ ያሉት አዶል።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ መደራረቡ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ቀን ለራስ ምታቱ ፓናዶል ሲውጥ ይውልና ማታ ደግሞ ከዲሲ የተላከለትን ናይኩዊል የሚባል የጉንፋን ሽሮፕ ይጠጣል፣ ወይ ቴራፍሉ የሚባለውን የጉንፋን ዱቄት በሙቅ ውኃ ይበጠብጣል። እነሱም ውስጥ አሲታሚኖፌን አለ። ሁለት የተለያየ መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል እንጂ አንዱን ነው የደጋገመው። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው 4000 ሚሊግራም ነው፣ ማለትም ባለ 500ው 8 ፍሬ። ጉበቱን ለታመመ ወይም መጠጥ ለሚያበዛ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው፣ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከመጠን ሲያልፍ የሚጎዳው ጉበት ነው፤ ክፋቱ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሰውየው ደህና ነኝ ሊል ይችላል። ማርከሻ አለው፣ ግን በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ስለዚህ «እስኪ እስከ ነገ ልየው» አይሠራም።

የአሜሪካ መድኃኒት ጀርባ ላይ በጥቁር መስመር የታጠረ ሳጥን አለ። ከላይ «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» ከሚለው ሥር የተጻፈው ነው እውነተኛው ስም። እዚህ አገር በምንገዛው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትልቁ የንግድ ስም ሥር በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል። መነጽር የሚያስፈልጋችሁ አድርጉ፣ ወይ ልጅ ያንብብላችሁ።

አስም ያለባችሁ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ሳልቡታሞል ብላችሁ ብትጠይቁ ግር ሊላቸው ይችላል፣ እዚያ አልቡቴሮል ነው ስሙ። ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ደግሞ ኦግመንቲን ሲታዘዝላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትቀበሉ። ውስጡ ያለው አሞክሲሲሊን ነው፣ እሱ ደግሞ የፔኒሲሊን ዘር ነው። የካርቶኑ ፊት ላይ ፔኒሲሊን የሚል ቃል ላይኖር ስለሚችል እዚያው መስኮቱ ጋ ቆማችሁ ለፋርማሲስቱ ንገሩት።