ከአብራሪው ቤት ጓዳ

ባለቤቴ የሚሽን (የወንጌል ተልእኮ) አውሮፕላን አብራሪ መሆኑን የሰማ ሁሉ ዓይኑ ይበራል። ጫካ፣ ተራራ፣ በሽተኛ ማዳን... ያው ፊልም ነው የሚታየው። ያለነው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው፤ አብዛኛው ኑሯችን ደግሞ ጥበቃ ነው። ደመናው እስኪገለጥ፣ መለዋወጫው እስኪደርስ፣ ቪዛው እስኪታደስ።

ከዋና ከተማዋ ከፖርት ሞርስቢ ወደ ደጋው የሚያወጣ የመኪና መንገድ የለም። በእግር ቀናት የሚፈጀውን ትንሽ አውሮፕላን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ስለዚህ አምቡላንስም፣ የጭነት መኪናም፣ አንዳንዴ ሬሳ አመላላሽም እሱው ነው። አስተማሪ ያስገባል፣ ቡና ያወጣል።

ሁሉ ነገር በኪሎ ነው። ተሳፋሪው ከነጓዙ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ፓስተር ነኝ ማለት አያድንም። የተራራው ማኮብኮቢያ ብዙ ጊዜ አጭር ሣር ነው፣ ያውም ዳገት። ሽቅብ ይታረፋል፣ ቁልቁል ይነሳል። ዝናብ ሣሩን ካራሰው የሚጫነው ይቀንሳል። አንዲት እናት ከረጢታቸውን ፈትተው ድንች በድንች እያወጡ፣ መልሰው ሲያስመዝኑ፣ ደግሞ ሲያወጡ አይቻለሁ። ባሌ ዝም ብሎ ቆሞ ጠበቃቸው። «አንድ ኪሎ ምን ያደርጋል?» ማለት እዚህ አይሠራም፣ አንጀት ይበላል እንጂ።

ከሰዓት በኋላ ደመና ሸለቆውን ስለሚዘጋው ሥራው በማለዳ ይጀመራል። መንገድ ላይ ሰማዩ ከከፋ ይመለሳል። መመለሱ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም፤ ልጆቼም «ተመለሰ!» ብለው የሚጨፍሩት ለዚህ ነው። በዚህ ሥራ ጀግና አብራሪ ያስፈራኛል።

የሚሽን አብራሪ የነበረውን ኔት ሴይንትን የሚሽን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የማስበው ግን ባለቤቱን ማርጅን ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1956 ኢኳዶር ውስጥ፣ ሼል ሜራ በሚባል ቦታ፣ ሬዲዮ አጠገብ ሆና ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሚመጣውን ጥሪ ትጠብቅ ነበር። አልመጣም። ባሏና አራት ጓደኞቹ ተገድለው ነበር። ዛሬ አውሮፕላኑ ያለበትን የምታሳየውን ነጥብ በሳተላይት ስክሪን ላይ እናያለን፤ ነጥቧ ትንሽ ከዘገየች ግን ልቤ ቀጥ ትላለች፣ እኔ ከማርጅ የምለየው በስክሪኑ ብቻ ነው።

ሌላው ገንዘብ ነው። እንደ ብዙ የሚሽን ቤተሰብ እኛም የምንኖረው አብያተ ክርስቲያናትና ወዳጆች በየወሩ በሚልኩት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤ እንጽፋለን። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት ሐኪም ቤት ያደረሰበትን ቀን ስጽፍ ሰው ያለቅሳል። ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የከረመበትን ሳምንት ማን ያነባል? እንደ ሴስና 206 ካሉት ትንንሽ ባለ ቤንዚን አውሮፕላኖች ብዙዎቹ በየ100 ሰዓት በረራ ይፈተሻሉ፣ ጊዜው የሚሄደው እዚያ ነው። የቤንዚን ነገርም አለ። የእነሱ ዓይነቱ ቤንዚን እየጠፋና እየተወደደ ስለመጣ፣ ብዙ ሚሽኖች በጄት ነዳጅ ወደሚሄዱት ካራቫንና ኮዲያክ ወደሚባሉ አውሮፕላኖች ዞረዋል። ዘይት፣ በርሜል፣ ቅጽ፣ ፊርማ።

እሱንም መጻፍ ጀመርኩ። አንዳንዱ ደብዳቤያችሁ ደረቀ አለ፣ ዝም ያለም አለ። አንዲት አሮጊት ደጋፊያችን ግን «እስከዛሬ በደፈናው ነበር የምጸልየው፤ አሁን ስለ ፍሬኑም እጸልያለሁ» ብለው መለሱልኝ። የሚቀጥለው ደብዳቤ ወደብ ላይ ስለቆየ ጎማ ነው።