የማን ልጅ ልበልህ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባብቶ ነው የዋለው። ምክንያት የለውም። ባሕር ዳር ደመናማ ነበረች፣ በቃ። ልምምድ ላይ ማሲንቆ ተጫዋቹ እጁን ሊያፍታታ የባቲን ቅኝት ሲጀምር ግን አልቻልኩም። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ይሄን ሙዚቃዊ ተውኔት ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያደርገኛል። የአያቴ ታሪክ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወጥታ ጎጃም፣ መተከል የገባችው በሰፈራ ነው። በዚያ ሰፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። የእሷ ዕጣ ፓዌ፣ በለስ ወንዝ አካባቢ ሆነ።

ዳይሬክተራችን መክፈቻው ሰፋሪዎቹ አውቶቡስ ላይ ሆነው የሚዘፍኑት ዘፈን ይሁን ይላል። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ለአያቴ ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር። "ማን ዘፈነና? ትንፍሽ ያለ ሰው የለም" አለችኝ።

ታዲያ መጀመሪያ የሰማሽው ዜማ ምን ነበር አልኳት። ማማሰሏን አቆመች። ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ ማረር ጀመረ፣ እሷ አላየችውም። "ሙሾ" አለች። "እሱም እንቢ አለን።"

ወባ ሰው ይጥል ነበር። መንደሩ የሚጠራው በቁጥር ነው። ጎረቤቱ ከወሎም፣ ከከምባታም፣ ከሐዲያም የመጣ ነው። ሙሾ ደግሞ ዝም ብሎ አይወርድም። አልቃሿ የሟቹን አባት፣ አገሩን፣ የሠራውን ማወቅ አለባት። ግጥሙ የሚወጣው ከዚያ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ጎልማሳ ሞተ። የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አልቃሿ ተነሳች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ተቀመጠች።

ተውኔቴ እዚህ ጋ ነው ያለው። ማታ ለዚያች ሴት ይችን ጻፍኩላት፦

የማን ልጅ ልበልህ የየት አገር ሰው፣
እንባዬ ብቻ ነው አንተን ያወቀው።

አምባሰልም ባቲም ከወሎ ናቸው። በየትኛው እንደምታወርደው ገና አልወሰንኩም። ከበሮ ግን አልፈልግም። ማሲንቆም ቢሆን ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ብቻ ይግባ።

አያቴ ግን አንድ ነገር ጨመረች፤ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ከቀብሩ ራቅ ብላ አንዲት የጉሙዝ ሴት ቆማ ታይ ነበር አለችኝ። አገሩ እኮ የእነሱ ነው። ጫካው ሲመነጠር፣ ቤት በመስመር ሲደረደር ያዩት እነሱ ናቸው። የእኔ ሰዎች ተገደው መጡ፤ እነሱን ደግሞ ማንም አላማከራቸውም።

መድረኩ ላይ እንድትኖር እፈልጋለሁ። በባቲ ላዘፍናት አልደፍርም። ዝም ብላ ቆማ እንድትቀርም አልፈልግም፤ አንዴ ዝም ተብሎባታል። ቋንቋዋን አላውቅም፣ ዜማዋን አላውቅም። ታዲያ የእሷን ዘፈን ማን ይጻፈው?