በጊታሩ ጩኸት ውስጥ የጠፋችው ድምፅ

ሜጋ ማን 2ን የተጫወተ ሰው የዶክተር ዋይሊን ግንብ የመጀመሪያ ዜማ አይረሳውም። ጨዋታው በጃፓን ሮክማን 2 ተብሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ የሙዚቃው ዋና ደራሲም ታካሺ ታቴይሺ ነው። እኔ ያወቅሁት በልጅነቴ፣ ከቴሌቪዥናችን ጋር በምትገጠም ቲቪ ጌም ነበር። አድጌ ሜታል የሚባለውን ከባድ የሮክ ሙዚቃ መስማት ስጀምር ያንኑ ዜማ በዲስቶርሽን ጊታር፣ ማለትም ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር በተደረገ ጊታር፣ የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ ደረስኩበት። ሦስት ቅንብሮች መርጬ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ላደምጣቸው ተነሣሁ። ሜታሉ ለዜማው ምን እንደጨመረለትና ምን እንደወሰደበት ማወቅ ፈልጌ ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት ሜታሉ በሁሉም አሸነፈ፤ ዋናው ከጎኑ የቀጨጨ መሰለኝ። በማግስቱ ግን የጆሮ ማዳመጫዬን ድምፅ ቀነስ ሳደርግ ብልጫውም አብሮ ቀነሰ። ጆሯችን ከሁለት ድምፆች ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይቀበላል፤ የዛሬ ሜታል ደግሞ እስከ ጥግ ታምቆ ነው የሚቀረጸው። ስለዚህ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የአራቱንም አማካይ የድምፅ መጠን እኩል አደረግሁ። እንደገና ሳደምጥ ከሦስቱ ልቤን የያዘው አንዱ ብቻ ነበር። ይህ ሳይደረግ የሚሰጥ ፍርድ ዜማን ከዜማ ሳይሆን የማጉያ ቁልፍን ከማጉያ ቁልፍ ማወዳደር ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ከትዝታዬ መጣ። ማስታወሻዬ ላይ ከሦስቱም ቅንብሮች አጠገብ «ተጣድፏል» ብዬ ጽፌ ነበር። ምቱን ስቆጥር ግን የአንዱ ፍጥነት ከጃፓኑ ዋና ቅጂ ጋር እኩል ሆነ። የዚያ ዘመን የጨዋታ መሣሪያ ሙዚቃውን የሚያራምደው በቴሌቪዥኑ ምስል ምት ነው፤ በጃፓንና በአሜሪካ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ፓል በሚባለው በእኛ ዓይነት ቴሌቪዥን ግን 50 ጊዜ። በጃፓን 60 ሰከንድ የሚፈጀው ሙዚቃ በእኛ ቤት 72 ሰከንድ ይፈጅ ነበር ማለት ነው። ለዓመታት «ዋናው» እያልኩ በልቤ የያዝኩት የዘገየውን ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ሥራው የጣመኝ። የጨዋታ ሙዚቃ ፋይሎችን የሚያጫውቱ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን የድምፅ መስመር ለብቻው መዝጋትና መክፈት ያስችላሉ። መሣሪያው ያሉት አምስት መስመሮች ብቻ ናቸው፦ ዜማ የሚይዙ ሁለት፣ ለቤዝ የሚያገለግል አንድ፣ ለድራም የሚሆን የሹክታ ድምፅ አንድ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ የተቀረጸ ድምፅ የሚያጫውት አንድ። የቤዙ መስመር ድምፁ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ወይ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል። ብቻውን ስከፍተው ደነገጥኩ፤ ራሱን የቻለ ዜማ ነበር። ከሦስቱ የሜታል ቅንብሮች በሁለቱ ይህ ዜማ ከከባዶቹ ጊታሮች ሥር ተቀብሯል፤ ቤዙና ጊታሮቹ ያንኑ የድምፅ ወለል ስለሚሻሙ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ዜማን አሳዛኝ ወይም ደስተኛ ከሚያደርጉት ድምፆች አንዷ ከመነሻው ሦስተኛ ሆና የምትቆጠረው ናት። በዲስቶርሽን መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ አብሮ መምታት ጥርት ያለ ኃይል ይሰጣል፤ ሦስተኛዋ ስትጨመር ድምፆቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ይደፈርሳሉ። ስለዚህ የሜታል ጊታሪስቶች ብዙ ጊዜ ይተዋታል። የድሮው መሣሪያ ግን ሦስት ድምፅ ባንድ መስመር አብሮ ማሰማት ስለማይችል አንድ በአንድ በፍጥነት ይዘረዝራቸዋል፤ ሦስተኛዋም ሳትደፈርስ ትሰማለች። ልቤን የያዘው ቅንብር ይህን የተረዳ ነበር፤ ሁለተኛ ሊድ ጊታር (ዜማ የሚይዝ ጊታር) ጨምሮ እሷኑ ከላይ ያዘምራታል። በእውነት የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ሲሰማ ኃይሉም ሐዘኑም አብረው አሉ።

ዱም በተባለው የተኩስ ጨዋታ ላይ ይኸው መንገድ ብዙም አላስኬደኝም። እ.ኤ.አ. በ1993 ቦቢ ፕሪንስ የጻፈው የመጀመሪያው ደረጃ ዜማ ገና ሲወለድ ሜታል ነው። በዚያ ላይ ፋይሉ የተቀረጸ ድምፅ ሳይሆን የትኛው ኖታ መቼ ይመታ የሚል ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ ድምፁ በኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ ይለያያል፤ የትኛው ካርድ ያወጣውን ነው «ዋናው» የምንለው? ሚክ ጎርደን ለ2016ቱ አዲስ ዱም የሠራው ሙዚቃ ከዚህ ዜማ ጋር መወዳደር ያለበት አይመስለኝም፤ ባለ ዘጠኝ ክር ጊታርና ሲንተሳይዘር ይዞ አዲስ ነገር ሠርቷል።

በመጨረሻ አብሮኝ ይጫወት ለነበረው ታናሽ ወንድሜ ፋይሎቹን በቁጥር ብቻ ሰይሜ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳልነግረው አስደመጥኩት። የጃፓኑን ዋና ቅጂ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ የእኛ አይደለም» አለኝ።

ቃናውን ሳልነካ ፍጥነቱን ብቻ በአንድ ስድስተኛ ቀንሼ መልሼ ከፈትኩለት። መልስ አልሰጠኝም፤ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ግን በጉልበቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ።