«ሰር፣ ፓስፖርቱን ነው»

«ፎቶ፣ ሰር» አለኝ ሲም ካርድ ሻጩ። ያለኝ ይቺን ብቻ ነው።

አንድ ሰው ታብሌት አንስቶ ወደ እናንተ አዙሮ «ፎቶ» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እስቲ እውነቱን ንገሩኝ። እኔ ያደረግኩትን ነገር ማታ ማታ ጋደም ባልኩ ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያየሁት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ቦታው ዱባይ ኤርፖርት፣ ተርሚናል 1 ነው። ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን የሌሊት በረራ ይዤ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ሲያንኮራፋ አድሮ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወጥቻለሁ። ዴይራ የሚባለው የዱባይ ሠፈር የምትኖረው አክስቴ ደግሞ ከመነሳቴ በፊት በድምፅ መልእክት አስጠንቅቃኛለች። «አንተ! ኤርፖርት ውስጥ ሲም እንዳትገዛ። ይቆልሉብሃል። ናይፍ ሄደን በርካሽ እንገዛለን። ስትወጣ በኤርፖርቱ ዋይፋይ አሳውቀኝ።»

አሳውቀኝ አለች እንጂ ጻፍልኝ አላለችም። እኛ ቤት ደግሞ ለታላቅ ሰው ይደወላል እንጂ አይጻፍም። «ደርሻለሁ» ብሎ ለአክስቱ የሚጽፍ ልጅ አላሳደጉም። ስለዚህ ዋይፋዩን ከፍቼ በዋትስአፕ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ «በመገናኘት ላይ» ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። ደግሜ ደወልኩ። ጭጭ። ሰው ካገር ሲመጣባት እንዲህ ትሆናለች ብዬ በሆዴ ማማት ጀመርኩ። ያመጣሁላትን በርበሬና ሽሮ ሁሉ በዓይነ ህሊናዬ ለሌላ ዘመድ አከፋፍዬ ጨረስኩ።

በኋላ እንደተነገረኝ፣ እዚያ አገር በዋትስአፕ ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ ይሄዳል፣ የድምፅ መልእክት ይሄዳል። ጥሪው ግን በደንብ የተዘጋ ነው። ይሄን የሚያውቅ ሁሉ ስለሚያውቀው ነው መሰለኝ ማንም ለማንም አይነግርም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት አክስቴን በክህደት ከስሼ ፈርጄባት፣ ወደ ሲም ካርድ መሸጫው አመራሁ።

እግረ መንገዴን ስለ እህቴ ልጅ ልናገር፣ እሱም የድርሻውን ያንሳ። ከመሄዴ በፊት «ጋሼ፣ ሲም የሚባል ነገር እኮ ቀርቷል። ኢሲም ግዛ፣ ካርድ የለውም፣ ስልኩ ውስጥ ነው የሚጫነው፤ እዚሁ ቤትህ ሆነህ ትጨርሳለህ» አለኝ። ከዚያ *#06# ብዬ እንድነካ አዘዘኝ። ኢአይዲ የሚል ረጅም ቁጥር ከመጣ ስልኩ ኢሲም ይቀበላል ማለት ነው። ነካሁ። አይኤምኢአይ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች መጥተው ቆሙ። ልጁ ስልኬን ተቀብሎ እንደ ታማሚ አገላብጦ አየውና ምንም ሳይል መለሰልኝ። ብትቀበል እንኳ ለመንገደኛ ከሚሸጡት ኢሲሞች ብዙዎቹ ዳታ ብቻ ናቸው። ስልክ ቁጥር የላቸውም። ታክሲ ልጥራ ስትል ኮድ የምትቀበልበት ቁጥር ጠይቆህ ትቆማለህ። ይሄን የነገረኝ እሱ አይደለም፣ ዴይራ የሚኖር ሾፌር ነው።

ወደ መሸጫው እንመለስ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰሌዳው ላይ የተደረደረውን ጥቅል አነበብኩ። ጊጋው በትልቁ፣ ዋጋው በመካከለኛ፣ ቀኑ በትንሹ ተጽፏል። ወር የሚባል ነገር የለም፤ 28 ቀን ነው። ሁለቷን ቀን ማን እንደሚወስዳት እግዜር ይወቅ። «ዓለም አቀፍ ደቂቃ» የሚል አየሁና ደስ ብሎኝ «ኢትዮጵያ?» ስለው ሻጩ ዝርዝሩን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወርዶ «ኖ፣ ሰር» አለ። ዲርሃሙን ወደ ብር መንዝሬ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። ከኋላዬ ግን ሰው ተሰልፏል። ሰው ከኋላህ ተሰልፎ «ትንሽ ላስብበት» ማለት ደግሞ አያስችልም። መካከለኛውን ጥቅል አልኩ።

ፓስፖርቴን ሰጠሁ። ያለ ፓስፖርት መስመር አይወጣም፤ ቁጥሩ በስምህ ነው የሚመዘገበው። ሻጩ ልጅ ፓስፖርቱን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ አጋደመና ታብሌቱን አነሳ።

«ፎቶ፣ ሰር።»

እንግዲህ ስሙኝ። መጀመሪያ አንገቴ ላይ የነበረችውን የአውሮፕላን ትራስ አውልቄ ከጀርባዬ ደበቅኩ። ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ፊቴን በመዳፌ ጠረግኩ። ፀጉሬን፣ ማለቴ የቀረውን፣ ወደ ጎን አስተኛሁ። ከዚያ በግራ በኩል ስለማምር ትንሽ ወደ ቀኝ ዞር አልኩ። ይሄን ያስተማረኝ የእህቴ ሰርግ ላይ የመጣው ቪዲዮ አንሺ ነው። አገጬን ቀና አደረግኩና ፈገግ አልኩ።

ፈገግታዋ የዋዛ አልነበረችም። ለምርቃት ያወጣኋት፣ ከዚያ ወዲህ ያስቀመጥኳት ናት። ጥርስ ከላይም ከታችም። ዓይን ጠበብ። «የምሥራች ልነግራችሁ ነው» የሚል ዓይነት። ልጁ ታብሌቱን ዝቅ አድርጎ ፓስፖርቱ ላይ አነጣጠረ። እኔ ብርሃን እያስተካከለ መሰለኝ። «ቀጭ» አለ። ገጽ ገለበጠ። እኔ ፈገግታዬን አላወረድኩም። ካሜራው ገና ወደ እኔ አልመጣምና አውርጄ እንደገና ባወጣት ለዛዋን ታጣለች ብዬ ያዝኳት። ቪዛውን አነሳ። «ቀጭ»። ጉንጬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ከዚያ ቀና አለ።

አየኝ። ዞር ብዬ የቆምኩትን፣ አገጬን፣ ጥርሴን፣ ሁሉንም አየ። «ሰር፣ ፓስፖርቱን ነው» አለ በለሆሳስ እንግሊዝኛ። ከኋላዬ የቆመ ሕፃን ሳቀ። እናቱ «እሽ» ስትለው ይባስ ሳቀ።

እስከዚህ ያለውን እችለዋለሁ። ማንም ላይ ይደርሳል። ያልቻልኩት ቀጥሎ የሆነውን ነው። ልጁ አዘነልኝ። አንገቱን ዘመም አደረገና «ኦኬ ሰር፣ ዋን ፎቶ» ብሎ ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረው። አነሳኝም! ማንም ያልጠየቀውን፣ ምዝገባው የማይፈልገውን ፎቶ፣ ለእኔ ሞራል ሲል ብቻ አነሳኝ። እኔስ? መልሼ ፈገግ አልኩለት። ምን ላድርግ? አንዴ ታብሌት ከፊቴ ቆሟል።

አሁን ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ያ ፎቶ የት ገባ? አጥፍቶት ይሆን? ወይስ ከፓስፖርቴ ጋር ተያይዞ ተልኳል? አንድ ፎቅ ላይ የተቀመጠ የመዝገብ ሠራተኛ የእያንዳንዱን መንገደኛ ሰነድ ሲመረምር ይታየኛል። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ቀጣይ። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ቀጣይ። ከዚያ እኔ ጋ ሲደርስ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ጥርስ። ጓደኛውን ይጠራል። ጓደኛው አለቃውን ይጠራል። «ይሄ ሰው ምንድን ነው ደስ ያለው?» የሚል ምርመራ ይከፈታል። ዱባይ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ መልእክት በገባ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። «ክቡር ደንበኛችን፣ ሰነድዎ ተሟልቷል» ሲለኝ ራሱ «ተሟልቷል» ያለው ነገር አላማረኝም። በምን ተሟላ?

ጥቅሉ ቀኑ ሲያልቅ ይሞታል። ፎቶውስ አብሮ ይሞታል? እሱን የሚገልጽ አንቀጽ የትም አላየሁም።

እሺ፣ ሲሙን እናስገባ። ልጁ መርፌዋን አውጥቶ የስልኬን ጎን ወጋው። እዚህ ላይ ስልክ የሚሸጡልንን ሰዎች ልወቅስ። «ሁለት ሲም ይወስዳል» ተብዬ ነው የገዛሁት። የሚወስደው ግን ወይ ሁለት ሲም፣ ወይ አንድ ሲምና አንድ ሜሞሪ ካርድ ነው። ሁለተኛዋ ቦታ ላይ ሜሞሪዬ ተቀምጧል፤ ሜሞሪው ላይ የእህቴ ሰርግ አለ። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ሲሜ አለች። ባንኬ፣ ቴሌብሬና ቴሌግራሜ በሙሉ የተንጠለጠሉት በእሷ ላይ ነው። ልጁ «የቱ ይውጣ፣ ሰር?» አለኝ። ሰልፉ እያየኝ ከባንክ ኮድና ከእህቴ ሰርግ አንዱን መረጥኩ። እህቴ ይሄን እንዳታነብ። ሜሞሪዋን በፕላስተር ፓስፖርቴ ሽፋን ላይ ለጥፎ ሰጠኝ፣ እኔም የአገሬ ሲም ውጭ አገር ሆኖ ኢንተርኔት እንዳይጠቀም ዳታ ሮሚንጉን ዘጋሁ።

መስመሩ ወዲያው ሠራ። በውድ ዋጋ በገዛሁት ደቂቃ የመጀመሪያውን ጥሪ ለአክስቴ አደረግኩ። ሊያናግራት የተዘጋጀው ድምፄም የተቀየመ ድምፅ ነበር።

ስልኩ ከጀርባዬ ጮኸ።

ዞር ስል ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች። ስልኳን አላነሳችውም። ያላነሳችው ሳቋ አላስነሳ ብሏት ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ለካ እሷ አሳውቀኝ ብትልም አላስችላት ብሎ ቀድማ መጥታለች።

«ማነው ይሄ ሲም ሊገዛ መጥቶ ሙሽራ የሚሠራ ብዬ ሳይ፣ አንተው ነህ» አለችኝ።

«ለምን አልጠራሽኝም ታዲያ?»

«ፎቶህን ላበላሽብህ?»

ዴይራ እስክንደርስ ሜትሮ ውስጥ ሳቀች። ዩኒየን ጣቢያ ስንወርድ የደረሰኙን ዋጋ አየችና ሳቁ ቆመ። ያንን ዝምታዋን ከስድቧ በላይ ፈራሁት። ማታ ቡና ላይ ግን ለጓደኞቿ በደንብ አወራችው። ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ጥርሷን አሳይታ ተወነችው። ሁለተኛው ዙር ላይ ማሻሻያ ጨመረችበት፤ እጄን ወገቤ ላይ አስያዘችኝ። እጄን ወገቤ ላይ አልያዝኩም! ይሄን እዚህ ጋ በጽሑፍ ማስፈር እፈልጋለሁ። ሦስተኛዋ እንግዳ ስትመጣ ደግሞ እኔው ራሴ እንዳሳይ ተጠየቅኩ።

የቀረችው እናቴን ማናገር ናት። አክስቴ «እዚህ ሁሉም የሚደውለው በቦቲም ነው፣ ከተፈቀዱት የጥሪ አፖች አንዱ እሱ ነው» አለች። ጥሩ፣ እኔ አወረድኩ። ግን እናቴም አዲስ አበባ ሆና ማውረድ አለባት። የእናቴ ስልክ ደግሞ ሞልቷል። የሞላው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጽጌረዳ ላይ «እንደምን አደራችሁ» የተጻፈባቸው ምስሎች፣ የየወሩ የ12 ሚካኤል፣ የ21 ማርያም፣ የ27 መድኃኔዓለም። የእህቴ ልጅ «አያቴ፣ ትንሽ እናጥፋ» ቢላት «የማርያምን ሥዕል ታጠፋለህ?» ብላ ስልኩን ነጠቀችው። «ጽጌረዳዋን ብቻስ?» «እሷን የላከችልኝ የክርስትና ልጇ ያረፈባት ሴት ናት፣ ብትጠይቀኝስ?» ድርድሩ ሦስት ሰዎችን አሳትፎ አንድ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ መሥዋዕት የሆነው የእኔ የምርቃት ቪዲዮ ነው። ሰርጉም ምርቃቱም በዚህ ጉዞ ወጡ።

በቦቲም ተገናኘን። የሚታየኝ ግማሽ ግንባሯና ጣሪያው ነው፤ እሷ ግን እኔን አሟልታ አየችኝ። ከስቻለሁ አለች። ደህንነቴን፣ የበላሁትን፣ የአክስቴን ጤና ጠየቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያ የገዛኸው ሲም የዱባይ ነው አይደል?»

«አዎ እማዬ።»

«ስትመለስ እንዳትጥለው። ለጎረቤታችን ይዘህላት ና። ልጅዋ እዚያው ዱባይ ነው፣ በሱ ትደውልለታለች። የዛው አገር ስልክ ለዛው አገር ርካሽ ነው አሉ።»

«እማዬ፣ ሲሙ እኮ እዚህ ሲሆን ነው…»

«የዱባይ ነው አላልክም?»

«ነው፣ ግን…»

«ታዲያ?»

ሮሚንግን ለማስረዳት ሞከርኩ። ጥቅሉ 28 ቀን ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። በስሜ እንደተመዘገበ ነገርኳት። «በስምህ ከሆነማ ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠይቃትም» አለችኝ። ከስልኩ ጀርባ የጎረቤታችን ድምፅ ተሰማኝ፤ እየመረቀችኝ ነበር።